ጀርባዋን ሰጥታ የምትቀመጠው ወፍ

ወንዶ ገነት፣ ከደን ኮሌጁ በላይ ያለው ጫካ ውስጥ ነን። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። አስጎብኚያችን ድንገት ቆመና በሹክሹክታ "አለች" አለ። "የት?" "እዛች ዛፍ ላይ።" ዛፏ ሩቅ አይደለችም፣ ድንጋይ ብትወረውሩ ይደርሳል። አየሁ፣ ቅጠል ነው። ባይነኩላሩን አነሳሁ፣ አሁንም ቅጠል። "ሐረጉን ይዘህ ወደ ላይ ሂድ፣ የተሰበረች ቅርንጫፍ ታገኛለህ፣ ከሷ በግራ" አለኝ። ሄድኩ። ቅጠል። አምስት ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቆየሁ። ከዛ አንዱ ቅጠል ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ።

ናሪና ትሮገንን (ትሮገን የወፍ ወገን ስም ነው) መጀመሪያ ያየኋት እንዲህ ነው። ከዛ በኋላ ብዙ ጫካ ገብቼ ፈልጌያታለሁ። አንዳንዴ አገኛታለሁ፣ ብዙ ጊዜ ድምጿን ብቻ ሰምቼ እመለሳለሁ። ሰው ፎቶዋን ሳሳየው ሁሌም አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ "ይቺን የመሰለች ወፍ እንዴት አትታይም?" ጥያቄው ትክክል ነው። ሆዷ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጀርባዋ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ መንቆሯ ቢጫ፣ ርዝመቷ ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ወፍ ናት። ድንቢጥ አይደለችም። እንዲህ ያለ ነገር ዓይናችን ፊት ተቀምጦ እንዴት ይጠፋናል? መልሱ ሦስት አራት ነገሮች ተደራርበው የሚሠሩት ነው፣ እነሱን ካወቃችሁ ደግሞ ወፏን የማየት ዕድላችሁ በጣም ይጨምራል።

መጀመሪያ ስለ ብርሃን። መርካቶ ጨርቅ የገዛ ሰው ይህን ያውቃል። ሱቁ ውስጥ በመብራት ያየነው ቀይ ወደ ደጅ ይዘነው ስንወጣ ሌላ ቀለም ይሆንብናል። ጨርቁ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ያረፈበት ብርሃን ነው። ቀይ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየው ቀይ ብርሃን ሲያገኝና መልሶ ወደ ዓይናችን ሲልከው ነው። ቀይ ብርሃን ከሌለ የሚልከው የለውም፣ ስለዚህ ይጠቁራል።

ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀይ ብርሃን ያንሳል። የፀሐይ ብርሃን ከላይ ወርዶ ቅጠሎቹ ላይ ሲያርፍ፣ ቅጠል ምግቡን ለመሥራት በተለይ ቀዩንና ሰማያዊውን ይወስዳል፣ አረንጓዴውን ብዙም አይፈልገውም፣ አሳልፎ ወደ ታች ይልከዋል ወይም ይመልሰዋል። ከሦስትና ከአራት ድርብ ቅጠል በታች የምትደርሰው ብርሃን እንግዲህ የተረፈችው ናት። አረንጓዴ የበዛባት፣ ደብዘዝ ያለች። ከዛ በላይ ደግሞ የኛው ዓይን ችግር አለ። ብርሃን ሲቀንስ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያጣው ቀይን ነው። ሲመሻሽ የጓሮ ቀይ አበባ ከቅጠሉ ቀድሞ የሚጠቁረው ለዚህ ነው፣ ዛሬ ማታ ወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስለዚህ ያ ፎቶ ላይ ዓይን የሚወጋው ቀይ ሆድ ጥላ ውስጥ የደረቀ ቅጠል ወይም የጠቆረ ቅርፊት መስሎ ይቀራል። ፎቶዎቹ የተነሱት አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በቀዳዳ ገብታ ወፏ ላይ ስታርፍ ነው። እኛ የምናየው ያችን አንዲት ሰከንድ ነው፣ ቀሪውን ቀን የምትውለው በጥላ ውስጥ ነው።

ቀዩ እንዲህ ከጠፋ አረንጓዴውስ? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያምረው። የናሪና ጀርባ አረንጓዴ የተቀባ አይደለም። ላባውን ብትፈጩት አረንጓዴ ዱቄት አታገኙም፣ ጠቆር ያለ ነገር ነው የሚቀረው። ላባው ውስጥ ሜላኒን የሚባል ጥቁር ንጥረ ነገር አለ፣ የኛንም ፀጉር የሚያጠቁረው እሱ ነው። ይህ ሜላኒን በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቅንጣቶች ተደርድሮ ይቀመጣል። ብርሃን በነዚህ ድርድሮች ላይ ሲያርፍ ከየደረጃው ይመለሳል፣ የተመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ አንዱ ቀለም ይጠናከራል፣ ሌላው ይጠፋፋል። የሳሙና አረፋ ላይ የምታዩት ቀለም፣ አስፋልት ላይ በተንጣለለ ውሃ ላይ ነዳጅ ሲንጠባጠብ የሚፈጠረው ቀለም፣ የሲዲ ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ዘመድ ናቸው። ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ ግን እቤታችን ያለው ነው። ለበዓል የተገዛ ጥቁር አውራ ዶሮ ጭራውን ፀሐይ ላይ ሲያዞር የሚያብለጨልጨውን አረንጓዴ አስታውሱ። ላባው ጥቁር ነው፣ ሲዞር ግን አረንጓዴ፣ ትንሽ ሲዞር ወደ ሰማያዊ። የናሪና ጀርባ እሱ ነው፣ በጣም ተጠናክሮ።

ይህ ምን ይጠቅማታል? እንዲህ ያለ አረንጓዴ ከብርሃኑ ጋር ይለዋወጣል። ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል ወርቃማ ሲሆን እሷም ወርቃማ ትሆናለች፣ ጥላ ውስጥ ያለው ሲጠቁር እሷም ትጠቁራለች። ጥላና ፀሐይ በተቀላቀለበት ቦታ ተቀምጣ ስታዩአት መስመሯ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይምታታባችኋል። ዓይኔን ያሞኘው ይህ ነበር። እኔ የምፈልገው ወፍ የሚያህል ወጥ አረንጓዴ ነገር ነበር፣ ዛፉ ላይ ያለው ግን የተቆራረጠ ብርሃን ነው።

በዚህ ላይ ጠባይዋ ይጨመራል። ናሪና ሰው መኖሩን ስታውቅ ብዙ ጊዜ አትበርም። ቀስ ብላ ትዞርና ጀርባዋን ትሰጣችኋለች። ቀዩ ሆድ ወደዛ፣ አረንጓዴው ጀርባ ወደናንተ። ከዛ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ክንፏን አታራግብም፣ ጭራዋን አትወዘውዝም፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ አትዘልም። የሚንቀሳቀሰው ጭንቅላቷ ብቻ ነው፣ እሱም በዝግታ። ሌሎቹን የጫካ ወፎች የምናገኛቸው ስለሚንቀሳቀሱ ነው፣ ዓይናችን የለመደው እንቅስቃሴ መያዝ ነው። እሷ ይህን መያዣ ነስታን ትቀመጣለች።

እንደዚህ መቀመጥ የቻለችው አበላሏ ስለሚፈቅድላት ነው። ምግቧ በአብዛኛው ነፍሳት ናቸው፣ አባጨጓሬ በተለይ ትወዳለች። እየዞረች አትለቅምም። ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ዙሪያዋን ያሉትን ቅጠሎች ታያለች፣ አንዱ ቅጠል ላይ አባጨጓሬ ሲንፏቀቅ ስታይ ተወርውራ አየር ላይ እንዳለች ትነጥቀውና ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ታርፋለች። ተመልሳ ደግሞ ዝም። እግሯም ለዚህ የተሠራ ነው። አጫጭር ነው፣ ከአራት ጣቶቿ ሁለቱ ወደ ፊት ሁለቱ ወደ ኋላ ናቸው። በቀቀኖችና ግንደ ቆርቁሮችም ሁለት ሁለት ናቸው ትሉኝ ይሆናል፣ ግን የነሱ ወደ ኋላ የዞሩት አንደኛውና አራተኛው ጣት ናቸው፣ የትሮገኖች አንደኛውና ሁለተኛው። በወፍ ዓለም እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ትሮገኖች ብቻ ናቸው። ቅርንጫፍ ጨብጦ ለመቀመጥ ይመቻል፣ ለመራመድ ግን አይሆንም። ስለዚህ መሬት ላይ አትፈልጓት።

እንግዲህ ዓይን እንዲህ ከተሸነፈ የሚቀረን ጆሮ ነው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምለው ብዙ ሰው ባይነኩላርና ካሜራ ይዞ ጫካ ሲገባ ጆሮውን እቤት ትቶት ስለሚመጣ ነው። ናሪና የምትገኘው በድምፅ ነው። አስጎብኚዎች ስታዩአቸው ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፣ የሚሄዱት እየሰሙ ነው።

ድምፁ ወፍራም፣ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ሁለት ሁለት የሆነ "ሁሩ-ሁ፣ ሁሩ-ሁ፣ ሁሩ-ሁ" ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይጠነክራል። ሲጀምር ዝቅ ብሎ ነው፣ እየደጋገመ ሲሄድ ከፍ ይላል፣ ከዛ ያቆማል። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ርግብ ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። የጫካ ርግቦችም ይህን የመሰለ ወፍራም ድምፅ አላቸው፣ የነሱ ግን ልስልስ ያለ ነው፣ ሻካራነት የለውም፣ ሁለት ሁለት ሆኖም አይመታም። ድምፅ የሚያሰሙት በብዛት ወንዶቹ ናቸው። ወንዱ ሲጮህ ጉሮሮው ያብጣል፣ ከላባው ሥር ያለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቆዳ ብቅ ይላል፣ ጭራውም በእያንዳንዱ "ሁ" ወደ ታች ዝቅ ይላል። ቀኑን ሙሉ ከሚንቀሳቀስበት ጥቂት ጊዜ አንዱ ይህ ነው፣ ስለዚህ እየጮኸ እያለ የምታዩበት ዕድል ከዝምታው ጊዜ በጣም ይሻላል።

ችግሩ ድምፁ የት እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በቀኝ ነው ስትሉ በግራ፣ ቅርብ ነው ስትሉ ሩቅ። ለዚህም ምክንያት አለው። የአንድ ድምፅ አቅጣጫ የምናውቀው ሁለቱ ጆሮዎቻችን በሚሰሙት ልዩነት ነው። ቀጭን ድምፅ ከቀኝ ሲመጣ ጭንቅላታችን ለግራው ጆሮ ይጋርደዋል፣ ግራው ቀንሶ ይሰማል፣ አእምሯችን "በቀኝ ነው" ይላል። ወፍራም ድምፅ ግን ሞገዱ ረጅም ስለሆነ ጭንቅላታችንን ዞሮ ያልፋል፣ ሁለቱም ጆሮ እኩል ይሰማል። የሚቀረው የጊዜ ልዩነት ነው፣ የቱ ጆሮ ቀድሞ ሰማ የሚለው፣ ይህ ደግሞ ድምፁ "ጧ" ብሎ ሲጀምር ነው የሚቀለው፣ የናሪና ድምፅ ግን እየተነሳ የሚመጣ ነው፣ ስለታም መነሻ የለውም። በተጨማሪ ግንዱና ኮረብታው ያስተጋባዋል። ወፍራም ድምፅ ቅጠል መሃል ሳይሰባበር ሩቅ መሄድ መቻሉ ለሷ ጥቅም ነው፣ ለኛ ግን ግራ መጋባት።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ድምፁን ስትሰሙ አትሂዱበት። ቁሙ። ሲደግም ጭንቅላታችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አዙሩ፣ ፊት ለፊታችሁ ሲመጣ ይሰማችኋል። በዓይናችሁ መስመር ያዙ፣ አንድ ዛፍ ምልክት አድርጉ። ከዛ ሠላሳ አርባ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱና እንደገና ጠብቁ። ሲጮህ ሌላ መስመር ያዙ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አካባቢ ነው ያለችው። ጓደኛ ካላችሁ ይበልጥ ይቀላል፣ ሁለታችሁም በየቦታችሁ ቆማችሁ እጃችሁን ወደ ድምፁ ዘርጉ፣ እጆቻችሁ የሚያመለክቱበት መገናኛ ነው።

ቦታውን ከያዛችሁ በኋላ የት ከፍታ ላይ ማየት እንዳለባችሁ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። የዛፉ አናት ላይ አትፈልጓት። ቁጥቋጦ ውስጥም አይደለችም። መሃል ላይ ናት፣ ከላይ ቅጠሉ ከጣለው ጥላ በታች፣ ከታች ካለው ጥሻ በላይ፣ በረር ብላ ለመመለስ ክፍት አየር ያለበት ቦታ። ራቁቱን የሆነ አግድም ቅርንጫፍ ወይም የተንጠለጠለ ሐረግ ፈልጉ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ማየት አያዋጣም። ቅርንጫፉን ተከተሉት፣ መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ካለ ዓይናችሁን እሱ ላይ አቁሙ። ከታች ሆናችሁ ስታዩ ደግሞ ጀርባዋን ብትሰጣችሁም የማትደብቀው አንድ ነገር አላት፣ ጭራዋ። የጭራዋ የዳር ላባዎች ነጭ ናቸው፣ ከሥር ሲታይ ረጅም ነጭ ነገር ወደ ታች ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። እኔ አሁን የምፈልገው ቀይም አረንጓዴም ሳይሆን ያንን ነጭ ነው። ከጎን ካያችኋት ደግሞ የታጠፈው ክንፏ ላይ በጣም ደቃቅ መስመሮች አሉ፣ ከሩቅ ግራጫ ይመስላል። ሴቷ ፊቷና ደረቷ ቡናማ ነው፣ ቀዩ ከታች ሆዷ ላይ ብቻ ይቀራል፣ ለመደበቅ ከወንዱ ትበልጣለች።

ስለ ባይነኩላር ሰው ብዙ ይጠይቃል፣ ቶሎ ልበለውና ልለፍ። ላዩ ላይ 8 በ42 ወይም 10 በ42 የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። ለጫካ 8 በ42 ይሻላል። ትልቁን ቁጥር ለትንሹ ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የምትገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል፣ 42 ለ8 ከ5 ሚሊ ሜትር ያልፋል፣ 42 ለ10 ግን 4 ነጥብ 2 ነው። ጫካ ውስጥ ብርሃን ውድ ነው። ደግሞም 8 ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥም እንደ 10 አይረብሽም። ባይነኩላር ከሌላችሁ ግን አትቅሩ። ጆሮ አላችሁ፣ ዓይን አላችሁ፣ ወፏ ደግሞ ራሷ ካልደነገጠች ቅርብ ናት።

ዋናው ነገር መቀመጥ ነው። አንድ ቦታ ምረጡና ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ስልክ ድምፁ ይጥፋ። ነጭ ልብስ አትልበሱ። ጣታችሁን ዘርግታችሁ አትጠቁሙ፣ ድንገት የተዘረጋ ክንድ ከወሬ በላይ ያስደነግጣታል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃ ጫካው ዝም ይላል፣ ስለገባችሁ ነው። ከዛ ጉሬዛው ወደ መብላቱ ይመለሳል፣ ትናንሾቹ ወፎች ይመጣሉ፣ ድምፅ ይሞላል። ወፏም ተቀምጣ የነበረችበትን ትታ አባጨጓሬ ለመንጠቅ ትወረወራለች፣ ያኔ ነው አረንጓዴና ቀይ ብልጭ ሲል የምታዩት። ያረፈችበትን ያዙ። ካረፈች በኋላ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ እዛው ናት።

ስልክ ላይ ድምፅ የማጫወት ነገር አለ። መርሊን የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል መተግበሪያ በነፃ ይገኛል፣ የወፍ ድምፆች ተጭነውበታል፣ እቤት ሆናችሁ ጆሮ ለማስለመድ ግሩም ነው። ጫካ ውስጥ ግን የናሪናን ድምፅ ከፍታችሁ እያስጮሃችሁ እንድትመጣ አታድርጉ። ወንዱ ሌላ ወንድ ግዛቴ ገባ ብሎ ነው የሚመጣው። መብላቱን ትቶ፣ እንቁላል ካለው እንቁላሉን ትቶ፣ የሌለ ጠላት ይፈልጋል። አንድ ቡድን ዛሬ፣ ሌላው ነገ፣ ያው ጫካ ያው ወፍ። እኔ ይህን ያደረገ አስጎብኚ ጋ ሁለተኛ አልሄድም። ድምፁን በአፋቸው ቀስ ብለው አንድ ሁለቴ የሚያስመስሉ አሉ፣ እሱ እንኳ ልክ ሊኖረው ይገባል።

ስሟ ከየት መጣ ለምትሉ፣ በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካን የተጓዘው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ለቫያን ነው ያወጣላት። ስሟን መጥራት ስለከበደው ናሪና ያላት አንዲት የኮይኮይ (የደቡብ አፍሪካ ነባር ሕዝብ) ወጣት ነበረች፣ በራሳቸው ቋንቋ አበባ ማለት ነው ብሎ ጽፏል፣ ወፏንም በሷ ስም ጠራት። ወፏ ከምዕራብ አፍሪካ ሴራሊዮን እስከ ኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫካ ባለበት ሁሉ አለች። የኛ ብቻ አይደለችም ማለት ነው። የኛ የሚያደርጋት እዚህ ያለው ጫካ ነው።

ብዙ ሰው ከናሪና ጋር የሚያምታታትን ሌላ ወፍ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ቱራኮን። አንዳንድ ቦታ ሶሪት ይሏታል። እሷም አረንጓዴ ናት፣ እሷም ቀይ አላት፣ ጉንጯ ላይ ነጭ አለ፣ እንጦጦም አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ያለባቸው ግቢዎችም ትታያለች። ግን ተቃራኒ ናት። አትቀመጥም፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች። ቀዩ ያለው ክንፏ ውስጥ ነው፣ ስትበር ብቻ ይከፈታል። የሚገርመው የቀለሙ አሠራር ነው። ናሪና አረንጓዴዋን በብርሃን ጨዋታ ስታገኘው ቱራኮ ግን የተቀባች ናት፣ ቀዩም አረንጓዴውም እውነተኛ ቀለም ነው፣ ሁለቱም ውስጥ መዳብ አለ። አዎ፣ የጀበና ማስቀመጫውና የሽቦው መዳብ። ቀዩን የመረመረው እንግሊዛዊው ኬሚስት ቸርች በ1869 (እ.ኤ.አ.) ነው መዳብ እንዳለው ያሳየው። የሳሙና ውሃ ዓይነት ነገር ውስጥ ቢነከር ቀለሙ ይለቃል። የናሪና አረንጓዴ ቢነከር አይለቅም፣ የሚለቅ ነገር የለውም።

ከቱራኮዎች አንዷ ደግሞ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለችም፣ ነገሌ ቦረናና አሬሮ አካባቢ። ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ በ1893 (እ.ኤ.አ.) በደቡብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መሃል አንዷ አዲስ ሆና ተገኘች፣ ግን የት እንደያዛት አልጻፈም ነበር። በ1896 ስሙ ወጣላት፣ መኖሪያዋ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ አልታወቀም። አንዲት ትልቅ፣ ባለ ቀለም ወፍ ሃምሳ ዓመት ገደማ አድራሻ አልነበራትም። ጫካ ቀለምን ምን ያህል እንደሚውጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወደ ናሪና ልመለስ። የት ትሂዱ? ወንዶ ገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ከሻሸመኔ ቅርብ ነው፣ ጫካውን የሚያውቁ ልጆች አሉ። ከላንጋኖ ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ደን ሾላና ዝግባ ያለበት ነው፣ እዛም አለች። ከሁሉም ልቤ የሚሄደው ግን ባሌ ወዳለው የሐረና ደን ነው። ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴን ትወጣላችሁ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ብርድ፣ ጅባራ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ዛፍ የለም። ከዛ መንገዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ሪራን ሲያልፍ ሐረና ይውጣችኋል። ዛፎቹ ሽበት አብቅለዋል፣ ከቅርንጫፎቻቸው ግራጫ ጢም መሳይ ነገር ይንጠለጠላል፣ ከሥር የጫካ ቡና። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህን ደን ይዞ ነው። ቀስ ብላችሁ፣ መኪና አቁማችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ ስሙ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ናሪና ጎጆ አትሠራም። እንቁላሏን የምትጥለው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው፣ ከሁለት እስከ አራት፣ እናትና አባት እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ሽንቁሩን ራሷ አትፈለፍልም፣ መንቆሯ እንደ ግንደ ቆርቁር አይደለም፣ የተዘጋጀ ነው የምትፈልገው። የተዘጋጀ ሽንቁር ደግሞ ያለው ያረጀ ወይም የደረቀ ዛፍ ላይ ነው። እኛ ጫካ ስንጠብቅ "እርጥቡን አትቁረጡ፣ የደረቀውን ግን ውሰዱ" እንላለን። ደግ ሐሳብ ነው፣ ሰው እንጨት ያስፈልገዋል። ግን የወደቀውን መልቀምና ቆሞ የደረቀውን መጣል አንድ አይደሉም። ቆሞ የደረቀ ዛፍ ሞቷል ብለን የምንጥለው ለሷ ቤት ነው። ሁሉም ዛፍ አረንጓዴና ወጣት የሆነበት ጫካ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ እንቁላል መጣያ ግን የለውም። የደን ጥበቃ ማኅበራት ያላችሁበት ቦታ ይህን አንድ ነገር ብትጨምሩበት፣ በየተወሰነ ርቀት ቆመው የደረቁ ጥቂት ዛፎች ይቅሩ ብትሉ፣ ለብዙ ወፍ ይበቃል።

ያን ጠዋት ወንዶ ገነት ላይ ያች ቅጠል አንገቷን ካዞረች በኋላ ከጎናችን ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማን። አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው በጠባቧ መንገድ ወረዱ። ስድስት ሰው አንድ ዛፍ ላይ አፍጥጦ ሲያዩ ቆሙ። አስጎብኚው በሲዳምኛ አናገራቸው፣ ሳቅ አሉና መለሱ። "ይቺ ናት? ይላሉ" አለን፣ "ጠዋት ጠዋት እንጨት ስለቅም ሁሌ ትጮኻለች፣ እዛ ከደረቀው ዛፍ ጋ ናት የምትውለው ይላሉ።" ስንት ዓመት ሰምተዋታል። ሆዷ ቀይ ነው ሲላቸው ግን አላመኑም።

ባይነኩላሬን አውልቄ ሰጠኋቸው። አስጎብኚው ዓይናቸው ላይ አስተካከለላቸው፣ ሐረጉን አሳያቸው፣ የተሰበረችውን ቅርንጫፍ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዛ አንድ ነገር አሉት።

"ጀርባዋን ነው የማየው እያሉ ነው" አለኝ።

"ትንሽ ቢጠብቁ ትዞራለች በላቸው" አልኩት።

ነገራቸው። ሸክማቸውን ከጀርባቸው አወረዱ፣ ዛፉ ሥር አስደገፉት፣ ባይነኩላሩን እንደያዙ ተቀመጡ።